የአባቴ ድምፅ ያለበት ካሴት

የዛሬውን ጽሑፌን በጥያቄ ልጀምር። የሠርጋችሁ ቪዲዮ የት ነው ያለው? “ቤት ውስጥ አለ” የሚለው መልስ አይበቃኝም። ቤት ውስጥ የት? ቡፌው ውስጥ? አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ? ወይስ እናታችሁ ዘንድ? ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁትስ መቼ ነው? አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ ወደ ትዳር ጓደኛችሁ ዞር ብላችሁ “እውነት፣ ያ ካሴት የት ደረሰ?” ሳትሉ አትቀሩም። እኔም ብያለሁ፤ ያልኩት ግን ዘግይቼ ነው።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በ1994 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ያኔ የሠርግ ቪዲዮ ማለት ካሜራውን ትከሻው ላይ የተሸከመ ቀራጭና ከኋላው መብራትና ገመድ ይዞ የሚከተል አንድ ልጅ ማለት ነበር። መብራቱ ፊታችን ላይ ሲበራ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ ስለዚህ በቪዲዮው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስናለቅስ የዋልን እንመስላለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት መጣልን። ሽፋኑ ላይ ፎቶአችን በልብ ቅርጽ ተቆርጦ ገብቷል፤ ከሥሩ ስማችን በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ቤታችን ዴክ የገባው ከቴሌቪዥን ቀድሞ ነው ብላችሁ አታምኑኝም፤ ሚዜዎቹ አዋጥተው የሰጡን ስጦታ ነበር።

ለሁለት ለሦስት ወር ያህል ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ቡና እየጠጣ ቪዲዮውን ሳያይ አይሄድም ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ “ይቺ አክስቴ ናት፣ ያ ደግሞ ከሐዋሳ የመጣው የባለቤቴ አጎት ነው” እያልኩ አስረዳለሁ። ከዚያ እንግዳው ሁሉ አይቶ ጨረሰ፤ ልጅ ተወለደ፤ ካሴቶቹም ዳንቴል በለበሰው ቴሌቪዥን ሥር ወዳለው መሳቢያ ገቡ። የመጀመሪያ ልጃችን ዳዴ ማለት ስትጀምር በዴኩ አፍ ብስኩትና የሻይ ማንኪያ መጨመር ጀመረች፤ ዴኩም በዚያው ተበላሸ። ብዙም አላዘንንም። በዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ የመዝሙር ቪሲዲ ማጫወቻ ይገዛ ነበርና ካሴት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሆኖ ታየን። ቤት ስንቀይር እናቴ ቤት አስቀመጥናቸው።

አባቴ በ2001 ዓ.ም. አረፈ።

ነገሩን ያነሣው ወንዱ ልጄ ነው። ባለፈው ዓመት ዐሥራ አምስት ሲሞላው ድምፁ ጎረነነ። አንድ ቀን እናቴ ቤት ሳለን ከጓዳ ሆኖ “ውሃ የት ነው ያለው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳሎን የተቀመጠችው እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። “ምነው እማዬ?” አልኳት። “የአባትሽ ድምፅ እኮ ነው” አለችኝ። ልጁም ሰማ። አያቱን አያውቀውም፤ እሱ የተወለደው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። “አያቴ እንዲህ ነበር እንዴ የሚያወራው? የት መስማት እችላለሁ?” አለኝ። እኔም ሳልጠራጠር “በሠርጋችን ካሴት ላይ አለ፤ ሲመርቀን ተቀርጿል” አልኩት። እርግጠኛ ነበርኩ። አባቴ ማይክሮፎኑን ይዞ ሲናገር፣ ሕዝቡ ሲስቅ፣ እኔ በመሐረብ ዓይኔን ስጠርግ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ካሴቶቹ እናቴ ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ካልሆነ ከማይወጡት ብርጭቆዎች ኋላ ተገኙ። በመስኮታቸው በኩል ስናይ ጥቁሩ ጥቅል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሠፍሮበታል። ሻጋታ ነው።

ከዚያ በፊት ካሴት ውስጥ ምን እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር። ሲቸግረኝ አነበብኩ። ምስልን በማግኔት ጥብጣብ ላይ ቀርጾ መልሶ የሚያሳይ፣ ለሥራ የበቃ የመጀመሪያው መሣሪያ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ ነው። የሠራው አምፔክስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን ጥብጣቡ ሁለት ኢንች ስፋት ነበረው። ዋጋው 50,000 ዶላር ያህል ስለነበር ይገዙት የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ናቸው። ወደ ሰው ሳሎን ለመግባት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት። ጃፓን ውስጥ ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄ.ቪ.ሲ. ደግሞ በ1976 ቪ.ኤች.ኤስን ለገበያ አቀረቡ። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቪ.ኤች.ኤስ. ግን ሁለት ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ፊልም ይይዛል። ፉክክሩን ለማሸነፉ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በ1988 ሶኒ ራሱ ተሸንፎ ቪ.ኤች.ኤስ. መሥራት ጀመረ።

እኛ አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለረዥም ዘመን የምናውቀው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። ዴክ ወደ ሰፈራችን የመጣው ከጅዳና ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። የእኔ ዘመን ልጆች ቪዲዮ ቤትን ታስታውሱታላችሁ፤ ስሙኒ ከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፣ የህንድ ፊልም ማየት። እኔ ገብቼ አላውቅም። አባቴ ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር አይወድም ነበርና በበሩ ሳልፍ አንገቴን አቀርቅሬ ነበር። (ቀስ ብዬ እራመድ እንደነበርና ድምፁን በደንብ እሰማ እንደነበር ግን ዛሬ ልናዘዝ።)

ጥብጣቡ ፕላስቲክ ነው። ላዩ ላይ የብረት ዝገት የመሰለ ደቃቅ ዱቄት በሙጫ ተለጥፎበታል፤ ምስሉም ድምፁም ያለው እዚያ ዱቄት ላይ ነው። ምስሉ የሚጻፈው በጥብጣቡ ላይ አግድመው በሚያልፉ ሰያፍ መስመሮች ነው። ድምፁ ግን በተለመደው ካሴት ላይ የሚቀመጠው በጥብጣቡ ጠርዝ፣ እንደ ልብስ ዘርፍ በምትሄድ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ጠርዙ ከተጨማደደ ወይም ከተላጠ ሥዕሉ ደህና ሆኖ ሳለ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ሙጫው ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት በዓመታት ውስጥ ይላላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ ቢነሳኝ አትፍረዱብኝ። የእናቴ ቡፌ የተጠጋው የዝናብ ውሃ የሚያርሰው ግድግዳ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ዴክ ከየት ይምጣ? አዲስ የሚሠራ የለም። በዓለም ላይ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ማምረቱን አቁሟል። በሰው በሰው መርካቶ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ አንድ ሰው አገኘን። ሱቁ ለሁለት ሰው አይበቃም። አራት ዴክ አለው፤ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ የአንዱ መለዋወጫ ናቸው።

ካሴቱን ወደ መብራት አንሥቶ አየና “እህቴ፣ ይህን ለማጫወት ሞክረሻል?” አለኝ።

“የለም፣ ዴክ የለንም።”

“እግዚአብሔር ይመስገን!” አለ። ሻጋታ ያለበት ካሴት ዴክ ውስጥ ሲገባ ሄዱን እንደሚያቆሽሸው፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውንም ካሴት እንደሚበክል፣ የተጣበቀው ጥብጣብም ሊበጠስ እንደሚችል አስረዳኝ። እሱ ዊንጮቹን ፈትቶ፣ ጥብጣቡን በእጁ ቀስ ብሎ እየተረተረ በደረቅ ጨርቅ ያጸዳዋል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቶ ይገለብጠዋል። “ሁለተኛ ዕድል የሌለ አድርጌ ነው የምሠራው” አለኝ። ከጀርባው እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካሴቶች ነበሩና የማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። አምጥተው ሰጥተውት ያልተመለሱ ሰዎች ናቸው። ግማሹ ሠርግ ነው አለኝ፤ ምርቃት አለ፣ ልደት አለ፣ ለቅሶም አለ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ፍላሹን ወሰድን። እሑድ ማታ እናቴን አመጣናት፤ ልጆቹ ተሰበሰቡ፤ ባለቤቴ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ሥዕሉ ወደ ቢጫ አድልቷል፤ ከላይ በኩል ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሁሉም አለ። በባለቤቴ ኮት ትከሻ ስፋት ሳቅን። ልጄ የእኔን ጸጉር አይታ “ማሚ፣ ይህ ምንድን ነው?” አለች። ፊታችን እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለበጠ ሄደ፣ የጽጌረዳ አበባ ከላይ ዘነበብን፤ የዚያን ዘመን ኤዲት ታውቁታላችሁ። ከዚያ አባቴ ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ፣ ማይክሮፎኑን ከሚዜው ተቀበለ። ልጄ ከሶፋው ጫፍ መጣ። አባቴ አፉን ከፈተ።

የሠርግ መዝሙር ነው የወጣው። ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ እልልታ። አባቴ ይናገራል፣ እጁን ያነሣል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ እኔ በመሐረብ ዓይኔን እጠርጋለሁ። መዝሙሩ አያቆምም። ልጄ “ድምፁን ጨምሩት” አለ። ባለቤቴ ጨመረ። መዝሙሩ ጨመረ።

ሻጋታው አይደለም የወሰደው። ቪዲዮውን ያቀናበረው ሰው የካሜራውን ድምፅ አጥፍቶ በመዝሙር ሸፍኖታል። በዚያን ጊዜ ሁሉም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ የአዳራሽ ድምፅ ጩኸት ነው፣ መዝሙር ደግሞ ያምራል። ከሁሉ የባሰብኝ ሌላ ነው። ያን ቪዲዮ ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የአባቴ ድምፅ እንደሌለበት ግን ልብ ብዬ አላውቅም። አባቴ ያኔ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቆ ነበር የሚኖረው። ድምፁን ለመስማት ካሴት አያስፈልገኝም ነበር። እንዲያውም እንግዳ እንዳይሰለች ብዬ ያን ቦታ በሪሞት አሳልፈው ነበር።

በማግስቱ ቀራጩን አፈላልገን አገኘነው። ሥራ ከቀየረ ቆይቷል። ጥሬ ካሴቶቹን ጠየቅሁት፤ በትሕትና መለሰልኝ። ካሴት ውድ ስለነበር የአንዱ ሠርግ ተገልብጦ ሲያልቅ በዚያው ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ ይቀረጽ ነበር። አልተቆጣሁትም። ከእሱ የሚበልጡትም አድርገውታል። የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የብዙ ተወዳጅ ዝግጅቶቹን ቴፖች አጥፍቶ ሌላ ቀርጾባቸዋል። ሰው ጨረቃ ላይ ሲረግጥ በ1969 ጥራቱን ጠብቆ የተቀረጸበት የመጀመሪያው የናሳ ቴፕ ዓመታት ከተፈለገ በኋላ፣ ተጠርጎ ሌላ ነገር ሳይቀረጽበት እንዳልቀረ ናሳ በ2009 አስታውቋል። ዛሬ የምናየው ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያኔ ካስተላለፉት የተገኘ ቅጂ ነው። የጨረቃው እንዲህ ከሆነ የእኔ አባት ምን ይገርማል?

ወደዚያች ማታ ልመልሳችሁ። ቴሌቪዥኑን ልናጠፋው ስንል እናቴ ለልጄ “መልሰው” አለችው። “እማዬ፣ ድምፅ እኮ የለውም” አልኳት። “መልሰው አልኩ።” መለሰው። ባለቤቴ መዝሙሩን ዝም አሰኘው። አባቴ ማይክሮፎኑን ተቀበለ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“መጀመሪያ ያለው ‘ይሰማል ወይ?’ ነው” አለች እናቴ።

ከዚያ ቀጠለች። “ልጄን ሰጠኋችሁ አልልም፤ ወንድ ልጅ ጨመርኩ እንጂ አለ። እዚህ ጋ ነው የሳቁት። ከዚያ ደግሞ፣ አይ፣ እሱ በኋላ ነው። ስትጣሉ ወደ እኔ አትምጡ፤ ከታረቃችሁ በኋላ ለቡና ኑ አለ።” አባቴ እጁን አነሣ። “አሁን እየመረቀ ነው።” ምርቃቱን ቃል በቃል አለችው፤ ልጄም ከአፏ እየተቀበለ በዚያ በጎረነነ ድምፁ በቀስታ ይደግመው ነበር። እናቴ ዓይኗን ከድና ነው የጨረሰችው። ቪዲዮውን ማየት አላስፈለጋትም።

በዚያች ሌሊት ስልኬን ከፍቼ ቆጠርኩ። ከ3,000 በላይ ቪዲዮ አለ። የሰው ሠርግ፣ የመዘምራን ልምምድ፣ የልጆች ምርቃት፣ ሰው የላከልኝና ያላየሁት። እናቴ ያለችባቸው ዐሥራ ሰባት ናቸው። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ኬክ ትቆርሳለች፣ ወይ እጇን ታወዛውዛለች። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ የተናገረችበት አንድም የለም፤ በብዙዎቹ የሚሰማው “እማዬ፣ እዚህ እዪ! እዚህ!” የሚል የእኔ ጩኸት ነው። ባለቤቴን ብታዩት ደግሞ ይብሳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ የጸሎት ቤታችን በር ሲዘጋ ስልኩን መጻሕፍት ክምር ላይ አቁሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መስበክ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ስብከቱ ሁሉ ተቀምጧል። ማታ ልጆቹን እራት ላይ የሚያስቅበት ድምፁ ግን የትም የለም።

ቪዲዮ በእጃችን ስለበዛ የሚቀርልን መስሎን ነበር። ዩቲዩብ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የተጫነው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2005 ነው፤ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። አንድ ወጣት በአሜሪካ የእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ ከዝሆኖች ፊት ቆሞ ኩምቢያቸው ረዥም እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላ ምንም የለውም። ነገር ግን የሚናገረው በራሱ ድምፅ ነው፣ ማንም መዝሙር አልደረበበትም። ዛሬ ስልኮቻችን የሠርጋችንን አቀናባሪ ሥራ ተረክበዋል። አንዳንዱ ስልክ ሳንጠይቀው የልጆቻችንን ሥዕል ሰብስቦ፣ ሙዚቃ አልብሶ “ትዝታ” ብሎ ያቀርብልናል። ወጣቶቻችንም አጫጭር ቪዲዮ ሲሠሩ መጀመሪያ የሚመርጡት ዘፈኑን ነው። ያምራል፤ አልካድኩም። አያት ስታወራ የነበረችው ግን ከሥር ይቀራል።

ይህን ስጽፍ ከማኅበራችን አንዲት እህት ትዝ ትለኛለች። ቤይሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ልጇን ትታ ስትሄድ ሕፃኗ ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። አሠሪዋ ስልኳን የሚሰጧት እሑድ እሑድ ስለነበር በሳምንት አንድ ቀን በኢሞ ይተያያሉ። በምስል መነጋገር በታሪኩ የሀብታም ዕቃ ነበር። የአሜሪካው ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. የምስል ስልክ ብሎ በ1964 ኒው ዮርክ ላይ አሳየ፤ በ1970 ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ በወር 160 ዶላር መሸጥ ሲጀምር የሚፈልገው ጠፋና ከሰረ። ያ የአሜሪካ ባለጸጋ ያልፈለገው ነገር ነው ዛሬ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ከልጆቻቸው የሚገናኙበት። ሁሉም ቦታ እኩል አልተከፈተላቸውም፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ለምሳሌ በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪን የከፈተችው በሴፕቴምበር 2017 ነው።

አያቲቱ የነገሩኝን ልንገራችሁ። ሕፃኗ ምሳ ስትበላ እንጀራ ጠቅልላ ስልኩ መስታወት ላይ ለእናቷ ታጎርስ ነበር። ወጡን ከስልኩ መጥረግ የአያቲቱ የእሑድ ሥራ ሆነ። እናትየዋ በመጨረሻ በቦሌ ስትገባ ልጅቱ ፊቷን ወዲያው አወቀችው፣ ሮጣ ልትሄድ ስትል ግን ቆመችና “እማዬ አጭር ናት እንዴ?” አለች። ስልክ ፊት ያሳያል እንጂ ቁመት አያሳይም። ሁላቸውም ሳቁ፤ እናትየዋ ግን ለእኔ ስትነግረኝ አልሳቀችም። “ሰባት ዓመት በየሳምንቱ አየኋት፤ ዛሬ ግን ላሳይሽ ብል እጄ ላይ አንድም የለም” አለችኝ። ጥሪ ሲዘጋ ይጠፋል። አንድ ሰው እንኳ ልጅቱን በሁለት ደቂቃ ቀርጾ ቢልክላት ኖሮ በሌሊት ደጋግማ ታየው ነበር። ዘመዳችሁ ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ካለች፣ ልጇን የምታሳድጉላት እናንተ ከሆናችሁ፣ ጥሪው አይቅር፤ በመሐል ግን ልጁ ሲያጠና፣ ከጎረቤት ልጅ ሲጣላ፣ ሲነጫነጭ ቅረጹና ላኩላት። “ሰላም በላት” ተብሎ የተገደደውን ሳይሆን።

ስለ ባለትዳሮችም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አንድ ዴክና አንድ ቴሌቪዥን በነበረበት ዘመን ሰላም ብቻ ነበር አልልም፤ በሪሞት የተጣላ ባልና ሚስት አስታርቀናል። ዛሬ በሪሞት የሚጣላ የለም። እሱ በአልጋው በዚያ ጫፍ የጎል ቪዲዮ ያያል፣ እሷ በዚህ ጫፍ የምግብ አሠራር ታያለች፣ ሁለቱም ጆሯቸው ውስጥ ሰክተዋል። የእኛን ቤት ነው የነገርኳችሁ። ከዚያ ካሴት በኋላ ቅዳሜ ማታ ስልኮቻችንን በየተራ ከቴሌቪዥኑ ጋር እያገናኘን የቤታችንን ቪዲዮ አብረን እናያለን። የማይረባውን እዚያው እናጠፋለን። ስንጠፋፋ የነበርን ሰዎች በሚጠፋው ላይ መከራከር ጀምረናል፤ ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ካሴት ቤታችሁ ካለ ዝናቡ ሳይመጣ አስገልብጡት። ሻጋታ ካየችሁበት በፍጹም ዴክ ውስጥ አትክተቱት። በዲስክ የተሰጣችሁም አትዘናጉ፤ በኮምፒዩተር የተገለበጠ ሲዲና ዲቪዲ ላይ መረጃው ያለው ብርሃንና ሙቀት በሚያበላሸው ቀለም ላይ ነው። ፍላሽም ለመላኪያ እንጂ ለዘመናት ማስቀመጫ አልተሠራም። አንዱን ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላውን በሌላ ዘመድ ቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ አኑሩ። ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ደግሞ ጎግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትን ከነያዘው ሊሰርዝ እንደሚችል እወቁ፤ ይህ ደንብ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በሞት የተለየ ሰው አካውንቱን አይከፍትም። የወላጆቻችሁን ስልክ የሚስጥር ቁጥር በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ጥያቄው ይከብዳል፣ እኔም እናቴን ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ወስዶብኛል። እሷ ግን የልደቴ ዓመት መሆኑን ነግራኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቀረጻውም ቢሆን ሙያ አይጠይቅም። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን ጠጋ አድርጉ፤ ስልክ ከሩቅ ሥዕል እንጂ ድምፅ በደንብ አይዝም። የምታወቀውን ጠይቁ፦ ቤቱን ስትሠሩ ስንት ፈጀ፣ ከአባቴ ጋር መጀመሪያ የተጣላችሁት በምን ነበር። ከዚያ ዝም በሉ። ምንም አትደርቡበት።

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴ ተራ ነበር። ልጄ ስልኩን ወንበር ላይ አቁሞ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ተዘጋጅቷል። እናቴ “ቆይ፣ ነጠላዬን ልቀይር” ብላ ገባች። ስትመለስ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። “ጀመረ?” አለች። “ጀምሯል አያቴ። ከአያቴ ጋር መጀመሪያ የት ተገናኛችሁ?” እናቴ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ወደ ጓዳ ዞረች፦ “አንቺ ልጅ፣ ጀበናው! ጀበናው ሊገነፍል ነው፣ ምነው ሽታው አይሰማሽም? አውርጂው፣ አውርጂው!” ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ጀበናው ነው። ልጄ ይህን ልቁረጠው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዳትነካው አልኩት።